ችግኝ ለምን ይሞትባችኋል? የፀደይ የጓሮ አትክልት ሥራ ከዘር እስከ መደብ

ዘሩ በቀለ፤ ደስ አላችሁ። ሳምንት ሳይሞላው ችግኙ እንደ ክር ቀጥኖ ተጋደመ። ወይም ፎሶሊያ ዘርታችሁ ዛሬ ነገ ብቅ ይላል ስትሉ ቆያችሁ፤ አፈሩን ጫር ስታደርጉ ዘሩ በስብሶ አገኛችሁት። ወይም ደግሞ ቤት ውስጥ ሲያምር የነበረው ቲማቲም ደጅ በወጣ በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ነጥቶ ደረቀ።

በዚህ ወቅት አትክልት የሚሞተው ባብዛኛው ማዳበሪያ አጥቶ አይደለም። በችኮላ ነው። ብርዱ በደንብ ሳይለቅ፣ አፈሩ ሳይሞቅ፣ ችግኙ ፀሐይና ንፋስ ሳይለምድ ሁሉም ነገር በአንድ ቅዳሜ ካልተተከለ ይባላል። ስለዚህ የሚከተለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩ፤ ደረጃ አትዝለሉ። መሬት የሌላችሁ፣ በረንዳ ላይ በባልዲ የምትተክሉ ብትሆኑም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ

- የአፈር ቴርሞሜትር። ከሌለ ሹል ጫፍ ያለው የምግብ ቴርሞሜትር ይሠራል።
- ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የችግኝ ትሪ፣ ወይም ቂጡ የተበሳ የእርጎ ኩባያ።
- የዘር ማብቀያ አፈር። ቀላል፣ የተነፋ፣ ውሃ የማያቁር መሆን አለበት።
- በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ሽታው የአፈር ሽታ ከሆነ በስሏል። የሚሰነፍጥ ከሆነ ይቆይ።
- ውሃ መርጫና ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ማጠጫ።
- አሮጌ አንሶላ ወይም ሌላ ስስ ጨርቅ፤ ለብርድ ሌሊት።
- ስምና ቀን የሚጻፍባቸው ትናንሽ እንጨቶች።

የመጨረሻዋን አትናቋት። ጥቅል ጎመንና ብሮኮሊ ችግኝ ሳሉ አይለዩም። ሳይጻፍባቸው ከቀሩ ከወር በኋላ ትሪው ላይ አፍጥጦ መቅረት ነው።

ደረጃ 1፦ የአፈሩን ሙቀት ለኩ

አየሩ ሞቀ ማለት አፈሩ ሞቀ ማለት አይደለም። አፈር ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፤ በተለይ እርጥብና ሸክላማ ከሆነ። እናንተ ጃኬት አውልቃችሁ ስትንጎራደዱ ከሥራችሁ ያለው መሬት ገና ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። ዘር ደግሞ የሚሰማው የአፈሩን እንጂ የአየሩን ሙቀት አይደለም።

1. ጠዋት፣ ፀሐይ መደቡን ሳትመታ ለኩ። ከሰዓት ብትለኩ ቁጥሩ ያታልላችኋል።
2. ቴርሞሜትሩን 5 ሳ.ሜ ያህል አስገቡትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።
3. ለአራት ወይም አምስት ተከታታይ ቀናት ድገሙት። አንድ ቀን ብቻ መሞቁ አይቆጠርም።

ከዚያ በሴልሺየስ እንዲህ አነጻጽሩት፦

- ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ከደረሰ፦ አተር፣ ስፒናች፣ ሰላጣ።
- ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፦ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ። የጎመን ዘርም ይበቅላል።
- ከ15 ዲግሪ በላይ፦ ፎሶሊያ። ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ በችግኝ ይተከላሉ።
- ከ18 ዲግሪ በላይ፦ ኪያር፣ ዱባ፣ ዝኩኒ።

እነዚህ ዝቅተኛ ቁጥሮች ናቸው። አተር በ6 ዲግሪ ይበቅላል፤ ግን እየተንቀረፈፈ ነው። ሁለት ሦስት ዲግሪ ጨምሮ መጠበቅ አይጎዳም።

ሰላጣ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ አካባቢ ካለፈ ብዙው የሰላጣ ዘር አይበቅልም፤ ይተኛል። ስለዚህ የሰላጣን ዘር በጊዜ ዝሩ፣ የዱባን ዘር አቆዩ።

አፈሩ አልሞቅ ካለ፦ መደቡን በፕላስቲክ ሸፍኑትና ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ስትተክሉ አንሱት። ከመሬት ከፍ ያለ መደብና ባልዲ ቶሎ ይሞቃሉ፤ ያን ያህልም ቶሎ ይቀዘቅዛሉ።

በአካባቢያችሁ የመጨረሻው ውርጭ የሚጥለው መቼ አካባቢ እንደሆነም እወቁ። የሜትሮሎጂ መረጃ ካለ እሱን እዩ። ከሌለ ሰፈሩ ውስጥ ለዓመታት አትክልት የተከለ ሰው ጠይቁ። ቀኑን ጻፉት፤ ደረጃ 4 ላይ እንፈልገዋለን።

ደረጃ 2፦ አሮጌ ዘር ካላችሁ ፈትሹ

የሽንኩርት ዘር ከዓመት በኋላ እምነት አይጣልበትም። የቃሪያ ሁለት ሦስት ዓመት፣ የካሮት ሦስት፣ የቲማቲም አራት፣ የኪያር አምስት ዓመት ያህል ይቆያል። ይህ ግን ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ነው። ምድጃ አጠገብ የከረመ ዘር ይህን ያህል አይቆይም።

1. 10 ዘር ቆጥራችሁ እርጥብ ሶፍት ላይ በትኑ።
2. ጠቅልላችሁ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። ሙቅ ቦታ አስቀምጡ።
3. ሶፍቱ እንዳይደርቅ በየሁለት ቀኑ እዩት።
4. ከሳምንት በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። ቃሪያና ካሮት ከሆነ ሁለት ሳምንት ታገሱ።

8 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዝሩት። ከ5 እስከ 7 ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ። ከ5 በታች ከሆነ ጣሉት። በእንዲህ ያለ ዘር ሦስት ሳምንት ማቃጠል ኪሳራ ነው።

ደረጃ 3፦ መደቡን አዘጋጁ፣ ግን መጀመሪያ ጨብጡት

እርጥብ አፈር መቆፈር ትልቁ ጥፋት ነው። ሸክላማ አፈር ረጥቦ ሳለ ሲቆፈርና ሲረገጥ ይታመቃል። ሲደርቅ ጓል ይሆናል። ያን ጓል መልሶ ለማላላት ወቅቱን ሙሉ መድከም ሊመጣ ነው። ስለዚህ ዶማውን ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ከ10 ሳ.ሜ ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጡ። ጨብጡት። እጃችሁን ዘርጉና በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ፍርስርስ ካለ ጊዜው ነው፤ ቆፍሩ። ድብልብል ብሎ ጣታችሁ ብቻ ከታተመበት፣ ወይም መዳፋችሁን ጭቃ ካስያዘው ተዉት። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ። ጭራሽ ካልተጨበጠና እንደ ዱቄት ከበነነ ደግሞ ውሃ አጠጡትና በማግስቱ ቆፍሩ።

ከተመቸ በኋላ፦

1. አረሙን ከነሥሩ ንቀሉ። በሥር የሚራባውን ቆራርጣችሁ መሬት ውስጥ አትተዉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ይበቅላል።
2. ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ ውፍረት ኮምፖስት አልብሱ።
3. የላይኛው 15 ሳ.ሜ ውስጥ አደባልቁት። ከዚያ በላይ መገልበጥ አያስፈልግም።
4. ድንጋዩን ለቅማችሁ በሬክ አስተካክሉ።
5. ውሃ አጠጡና ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ተዉት።

አምስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለምን ባዶ መሬት ይጠጣል ይላሉ። ከላይ የተኛው የአረም ዘር እንዲበቅል ነው። ሲበቅል ላይ ላዩን ብቻ ፋቁት። መልሳችሁ አትቆፍሩ፤ ከታች ያለውን ዘር ወደ ላይ ታወጡታላችሁ። በተለይ ካሮት ለመዝራት ካሰባችሁ ይህ ሥራ በኋላ ከብዙ ጉስቁልና ያድናችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ያልበሰለ ፍግ አትጨምሩ። ሥር ያቃጥላል፤ ሰውን የሚያሳምም ተህዋስም ይይዛል። ትኩስ ፍግ የገባበት መሬት ላይ እንደ ካሮትና ሰላጣ ያሉ አፈር የሚነካቸውን አትክልቶች ለመሰብሰብ ቢያንስ 120 ቀን ማለፍ አለበት። በፀደይ እሱን ለመጠበቅ ጊዜ የለም።

ሌላው፦ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችና ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ናቸው። ባለፈው ወቅት ከነዚህ አንዱ የነበረበት ቦታ ላይ ሌላውን አትትከሉ። ቦታ ካላችሁ ሦስት ዓመት አዙሩ።

በዕቃ የምትተክሉ ከሆነ

ለአንድ ቲማቲም 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ይኑራችሁ። ለቃሪያ 10 ሊትር ይበቃል። ሰላጣ 15 ሳ.ሜ ጥልቀት ካገኘ አይከፋም፤ ካሮት ግን ከ25 ሳ.ሜ በታች አይሆንለትም። ከሥሩ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ። የጓሮ አፈር ብቻውን አትሙሉ፤ ዕቃ ውስጥ ይጠጥርና ውሃ ያቁራል። ታች ጠጠር መደርደርም አይረዳም። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆማል፤ ሥር የሚያድግበትን ቦታ ያጣብባችኋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ደረጃ 4፦ የትኛው ቤት ውስጥ፣ የትኛው በቀጥታ?

ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ አተርና ፎሶሊያ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራሉ። በተለይ ካሮት ከተዛወረ ሥሩ ይጣመማል ወይም መንታ ይሆናል።

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት ቤት ውስጥ ይጀመራሉ። ሰላጣ፣ ኪያርና ዱባ በሁለቱም ይሆናሉ።

የሚጀመርበትን ቀን ወደ መደብ ከምታወጡበት ቀን ወደኋላ ቆጥራችሁ አግኙት። ለቲማቲምና ቃሪያ የሚወጡበት ቀን ከመጨረሻው ውርጭ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው።

- ሽንኩርት፦ ከ10 እስከ 12 ሳምንት
- ቃሪያ፦ ከ8 እስከ 10 ሳምንት
- ቲማቲም፦ ከ6 እስከ 8 ሳምንት
- ጥቅል ጎመንና ሰላጣ፦ ከ4 እስከ 6 ሳምንት
- ኪያር፣ ዱባ፣ ዝኩኒ፦ 3 ሳምንት፣ ቢበዛ 4

ቀድሞ መጀመር ቀድሞ አያስበላም። ኪያር ሁለት ወር ኩባያ ውስጥ ከቆየ ሥሩ ይጠላለፋል፣ አበባ ያወጣል፣ ከተተከለ በኋላም ፈዞ ይቀራል። በሦስተኛ ሳምንቱ የወጣው ኪያር ቆይቶ ይቀድመዋል።

ደረጃ 5፦ ቤት ውስጥ ዝሩ

1. ያገለገለ ትሪ ከሆነ በሳሙና እጠቡት። ያለፈው ዓመት አፈር ጠርዙ ላይ እንዳይቀር።
2. ማብቀያውን አፈር ከመሙላታችሁ በፊት አርጥቡት። ጨበጥ ሲደረግ ጠብ ጠብ የማይል፣ ግን የሚያያዝ ይሁን።
3. ሙሉና ትሪውን ጠረጴዛ ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጉ። በእጅ አትጠቅጥቁ።
4. ዘሩን የውፍረቱን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ቅበሩ። የቲማቲምና የቃሪያ ግማሽ ሳ.ሜ፣ የዱባ 2 ሳ.ሜ። ሰላጣ ብርሃን ይወዳል፤ ከላይ በትናችሁ ጫን ጫን ብቻ አድርጉት።
5. በአንድ ጉድጓድ ሁለት ዘር ጨምሩ።
6. በመርጫ አርጥቡ። በፕላስቲክ ሸፍኑ።
7. ሙቅ ቦታ አስቀምጡ። ለቲማቲም ከ21 እስከ 27፣ ለቃሪያ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይመቻል።
8. ከጠዋትም ከማታም እዩት። የመጀመሪያው አንገት ብቅ ሲል ፕላስቲኩን አንሱ። “ሁሉም ይውጡ” ብላችሁ አትጠብቁ።

ቲማቲም ከ5 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። ቃሪያ አስቸጋሪ ነው፤ ሙቀት ካነሰው ሦስት ሳምንትም ይቆያል። ሳትጣደፉ ሙቀቱን ጨምሩለት፣ ውሃውን አይደለም።

ሁለት ከበቀለ ደካማውን በመቀስ ቁረጡ። አትንቀሉት። የሁለቱ ሥር ስለተያያዘ አንዱን ስትነቅሉ ሌላው ይናጋል። መቁረጥ እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፤ ግን ሁለት የተጣበቁ ችግኞች ከአንድ ጤነኛ አይበልጡም።

ደረጃ 6፦ ብርሃን፣ ውሃ፣ ንፋስ

እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ብርሃን

ችግኝ የሚቀጥነው ብርሃን ፍለጋ ነው። የመስኮት ብርሃን ለዓይናችን ብዙ ይመስላል፤ ለችግኝ ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። መብራት ካላችሁ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት አብሩ። ሌሊት አጥፉ። የተለመደው ረጅም ፍሎረሰንት ከሆነ ከቅጠሉ ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሳ.ሜ ብቻ ይራቅ። ኤልኢዲ ከሆነ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ርቀት ተከተሉ። ችግኙ ሲያድግ መብራቱን ወደ ላይ ሳቡ።

መስኮት ብቻ ካላችሁ ብዙ ፀሐይ የሚገባበትን ምረጡ። ትሪውን በየቀኑ አዙሩ። ከበስተጀርባ ነጭ ካርቶን ወይም ፎይል አቁሙ፤ ብርሃኑን ይመልሳል። የምትጀምሩበትንም ቀን አንድ ሁለት ሳምንት አዘግዩ።

ውሃ

ጣት አስገብታችሁ ላዩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። ትሪውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጡና ከሥር ይምጠጥ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ድፉ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን እንጂ ከማቀዝቀዣ የወጣ አይሁን።

ንፋስ

ትንሽ ማራገቢያ በቀን ጥቂት ሰዓት ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። ከሌለ መዳፋችሁን በቅጠሎቹ ላይ በቀስታ አሳልፉ። መወዛወዝ ግንዱን ያወፍረዋል፤ የአፈሩንም ገጽ ያደርቃል።

ከተበላሸስ?

ቀጥኖ ከረዘመ፦ ቲማቲም ከሆነ ተስፋ አለው። እስከ ቅጠሉ ድረስ በጥልቀት አዛውሩት፤ ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ጎመንም በመጠኑ ይቀበራል። ሰላጣ ከሆነ እንደገና መዝራት ይቀላል።

ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ወድቆ ካገኛችሁት፦ ጎንበስ ብላችሁ ግንዱ ከአፈር የሚወጣበትን እዩ። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። ግንዱ ግን እዚያች ቦታ ላይ ተቆንጥጦ እንደተያዘ ሰልሏል፤ ቡናማ ወይም ውሃ የቋጠረ ይመስላል። ይህ ፈንገስና መሰሎቹ የሚያመጡት በሽታ ነው፤ የወደቀው አይድንም። ከነአፈሩ አውጥታችሁ ጣሉ። ውሃ ማጠጣት አቁሙ፣ ላዩ ይድረቅ፣ ማራገቢያ ክፈቱ። ብዙው ከወደቀ ትሪውን ሙሉ ጥላችሁ በአዲስ አፈር ጀምሩ።

የአፈሩ ገጽ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ሽፋን ከታየ፦ ውሃ በዝቷል። ላዩን በሹካ ጫር አድርጋችሁ አድርቁት።

የቲማቲም ቅጠል ከሥር ሐምራዊ ከሆነ፦ አብዛኛውን ጊዜ ብርድ ነው። ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሥሩ ፎስፈረስ መውሰድ ያቅተዋል። ማዳበሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሙቅ ቦታ አዛውሩትና ጥቂት ቀን እዩት።

ደረጃ 7፦ ወደ ትልቅ ኩባያ አዛውሩ

መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ከዘሩ ውስጥ የመጡ ናቸው። ከነሱ በኋላ የተክሉን መልክ የያዙ ቅጠሎች ይመጣሉ። ሁለት እንዲህ ያሉ ቅጠሎች ሲኖሩት 10 ሳ.ሜ ያህል ስፋት ወዳለው ኩባያ ይለፍ።

በእርሳስ ወይም በማንኪያ ጭራ ከሥሩ ግፉት። ስታነሱት ቅጠሉን ያዙ፤ ግንዱን በፍጹም። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይወጣል፤ ግንድ ከተቀጠቀጠ አለቀ። ከተከላችሁ በኋላ አጠጡና ለአንድ ሁለት ቀን ከኃይለኛ ብርሃን አርቁት። ከዚያ በኋላ ፈሳሽ ማዳበሪያ ከታዘዘው ግማሽ አድርጋችሁ በየሁለት ሳምንቱ ስጡ። ከዚህ በላይ ማዳበሪያ ላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

ኪያርና ዱባን ከኩባያ ወደ ኩባያ አታዛውሩ። ሥራቸው ሲነካ ያኮርፋሉ። መጀመሪያውኑ ትልቅ ኩባያ ውስጥ ዝሯቸው።

ደረጃ 8፦ ደጁን አለማምዱት

ቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል ስስ ነው። ፀሐይና ንፋስ አያውቅም። ከ7 እስከ 10 ቀን ስጡት።

- ቀን 1 እና 2፦ ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በማይነካው ቦታ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። ከዚያ ወደ ቤት።
- ቀን 3 እና 4፦ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ ግማሹ ለስላሳ የጠዋት ፀሐይ።
- ቀን 5 እና 6፦ ግማሽ ቀን፤ የቀትር ፀሐይ ግን ይቅር።
- ቀን 7 እና 8፦ ሙሉ ቀን ከነፀሐዩ። ማታ ይግባ።
- ቀን 9 እና 10፦ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የማይወርድ ከሆነ ደጅ ይደር።

ሥራ ውላችሁ የምትመለሱ ከሆነ በእረፍት ቀናችሁ ጀምሩ። በሥራ ቀን ሙሉ ጥላ የሆነ ቦታ ትታችሁ መሄድ ይቻላል፤ ፀሐይ ዞሮ የሚመታበት ቦታ ግን አይሆንም። በእነዚህ ቀናት ትንንሽ ኩባያዎች ፈጥነው ይደርቃሉ፤ ጠዋት ሳትወጡ አጠጧቸው።

ቅጠሉ ላይ ነጭ፣ ወረቀት የመሰለ ጠባሳ ከወጣ በፀሐይ ተቃጥሏል። ያ ቅጠል አይመለስም። የሚያድገው ጫፉ አረንጓዴ ከሆነ ግን ተክሉ ይድናል። ሁለት ቀን ወደኋላ ተመልሳችሁ ከጥላ ቀጥሉ።

ደረጃ 9፦ በቀጥታ የሚዘሩትን ዝሩ

አተር፦ 3 ሳ.ሜ ጥልቀት፣ በመካከል 5 ሳ.ሜ። የሚወጣበትን ድጋፍ ዛሬውኑ አቁሙ። በኋላ እንጨት ስትሰኩ ሥር ትወጋላችሁ።

ፎሶሊያ፦ 3 ሳ.ሜ ጥልቀት፣ በመካከል 10 ሳ.ሜ። ስትዘሩ አንድ ጊዜ አጠጡ፤ አፈሩ ካልደረቀ በስተቀር እስኪበቅል አትመለሱበት። ፎሶሊያን የሚያበሰብሰው ብርድና ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

ካሮት፦ ትዕግሥት የሚፈትነው ይሄ ነው። ለመብቀል እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ላዩ መድረቅ የለበትም። አንዴ ከደረቀ የጀመረው ዘር ይሞታል። እንዲህ አድርጉ፦

1. መስመሩን 1 ሳ.ሜ ብቻ አድርጋችሁ ክፈቱ።
2. መጀመሪያ መስመሩን አጠጡ፣ ከዚያ ዝሩ። ከተዘራ በኋላ በኃይል ካጠጣችሁ ዘሩ ታጥቦ አንድ ጥግ ይከማቻል።
3. በደቃቅ አፈር አልብሱና በእርጥብ ጨርቅ ወይም በጣውላ ሸፍኑ።
4. ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ገልጣችሁ እዩ።
5. አረንጓዴ እንዳያችሁ ሽፋኑን አንሱ። አንድ ቀን ማርፈድ ችግኙን ያጣምመዋል።
6. 5 ሳ.ሜ ሲረዝም አሳሱት፤ በመካከል 5 ሳ.ሜ ይኑር። ቀድማችሁ አጠጡና በመቀስ ቁረጡ።

ደረጃ 10፦ ችግኙን መደብ ላይ ትከሉ

ደመናማ ቀን ወይም አመሻሽ ምረጡ። በቀትር ፀሐይ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ሳይዝ ይደርቃል።

1. ከመትከላችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት ኩባያውን አጠጡ።
2. ርቀቱን ምልክት አድርጉ። ቲማቲም ከ45 እስከ 60 ሳ.ሜ፣ ቃሪያ 40፣ ጥቅል ጎመን 45፣ ሰላጣ 25፣ ዝኩኒ 90። ችግኙ ሲያዩት ቦታው የባከነ ይመስላል። አታጣብቡ።
3. ጉድጓዱን ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። እስኪሰርግ ጠብቁ።
4. ኩባያውን ገልብጣችሁ ቂጡን መታ አድርጉ። ችግኙን ጎትታችሁ አታውጡ። ሥሩ ዙሪያውን ከተጠመጠመ በጣት ፈታ አድርጉት።
5. ጥልቀቱን ጠብቁ። ቲማቲም የታችኛው ቅጠሉ ተነቅሎ ጠለቅ ብሎ ይቀበራል፤ በሌላ ተክል ግንድ ላይ ተቀጥሎ ያደገ ከሆነ ግን የተጋጠመበት ቦታ ከአፈር በላይ ይቅር። ቃሪያና ኪያር በነበሩበት ልክ። የሰላጣ ልብ አፈር እንዳይነካው።
6. ዙሪያውን በእጅ ጫን አድርጉና አንድ ሊትር ያህል ቀስ ብላችሁ አጠጡ።
7. ለቲማቲም የሚደገፍበትን እንጨት አሁን ትከሉ።

ግንድ የሚቆርጥ ትል ካለ ለእያንዳንዱ ችግኝ የወረቀት አንገትጌ አድርጉለት። የሶፍት ጥቅል ውስጡ ያለው ካርቶን ልክ ነው፤ 3 ሳ.ሜ መሬት ውስጥ ይግባ። ጠዋት ችግኙ በምላጭ እንደተቆረጠ ተጋድሞ ካገኛችሁ አጠገቡ ያለውን አፈር በጣት ጫሩ። የተጠቀለለ ግራጫ ትል ቅርብ ይሆናል፤ ለቅማችሁ ግደሉት።

ደረጃ 11፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት

ቀትር ላይ ጠውልጎ አመሻሽ ላይ ቀና የሚል ችግኝ ደህና ነው፤ አትደንግጡ። ጠዋት ሳይቀር ከጠወለገ ግን ጣታችሁን 5 ሳ.ሜ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ጭቃ ከሆነ ውሃ ሰጥታችሁ ገደላችሁት ማለት ነውና አቁሙ።

ሥሩ ከያዘ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ በጥልቀት አጠጡ። በባልዲ ያለ ግን በሙቀት ጊዜ በየቀኑ ሊጠይቅ ይችላል።

ጉዝጓዝ ለማልበስ አትቸኩሉ። ደረቅ ሣርና ገለባ አፈሩን ከፀሐይ ስለሚጋርድ ቀዝቃዛ አፈር ቀዝቅዞ ይቀራል። ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለኪያር አፈሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ 5 ሳ.ሜ አልብሱ። ግንዱን እንዳይነካ።

ቅጠሉ ከተጠቀለለና ከተጣበቀ ገልብጣችሁ እዩት። ክሽክሽ (ተሰብስበው የቅጠል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ከሆነ በኃይለኛ ውሃ ጠርጉት፤ ለጥቂት ቀን ድገሙት።

ድንገት የብርድ ሌሊት ቢመጣ

ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ንፋሱ ጸጥ ካለና ትንበያው 3 ዲግሪ ካለ ውርጭ ሊጥል ይችላል። መሬት አጠገብ ያለው አየር ከዚያ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ቁጥሩ ዜሮ እስኪደርስ አትጠብቁ።

ሳይጨልም አንሶላውን አልብሱ። እስከ መሬት ይድረስ፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከአፈሩ ነው። አናቱ ላይ እንደ ሻሽ ቋጥሮ መተው ዋጋ የለውም። ፕላስቲክ ከሆነ ቅጠል እንዳይነካ በእንጨት ከፍ አድርጉት። ጠዋት ሞቅ ሲል ግለጡ።

ጠቁሮ ካደረ መቀስ አታንሱ። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ከታች አዲስ ቅጠል ይመጣ እንደሆነ እዩ። ከመጣ የሞተውን ክፍል ያኔ ቁረጡ።

ካልመጣ፣ ምን ሊተካ እንደሚችል ወስኑ። ፎሶሊያ፣ ኪያር፣ ዝኩኒና ካሮት እንደገና ይዘሩ፤ ዘግይተውም ይደርሳሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ከዘር ለመጀመር ግን ረፍዷል፤ ችግኝ ግዙ። ረጅሙንና አበባ ያወጣውን አይደለም። አጭር፣ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ከሥር እስከ ላይ አረንጓዴ የሆነውን ምረጡ። ኩባያውን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ፤ ነጭ ከሆነና ከቀዳዳው ጎርፎ ካልወጣ ውሰዱት። ሲሸጥ የነበረው ቤት ውስጥ ከሆነ ደረጃ 8 ለእሱም ይሠራል።